በሩ እንዲከፈት በሩ ይከፈት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ እንዳትቆጡኝ። የቤታችሁ በር ቁልፍ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? አታውቁም። አልፈርድባችሁም። ሰው የአማቱን ስም እየረሳ የቁልፍ ሆድ ዕቃ የት ሊያስታውስ? ጠዋት ቆልፋችሁ ትወጣላችሁ፣ ማታ ከፍታችሁ ትገባላችሁ፣ ቁልፉን ኪስ ትከታላችሁ፤ አለቀ። ውለታውን የምታስታውሱት እምቢ ያለ ቀን ነው።

እኔ ግን ባላውቅ ያሳፍረኛል። ጅማ፣ ሄርማታ ገበያው አጠገብ የሕንጻ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ አለኝ። ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ የቧንቧ ዕቃ፣ ቀለም፣ የበር ሲሊንደር፣ ምን የሌለ አለ! ደንበኛ ጭር ሲል ጎረቤቶቼ ሞባይል ይነካካሉ። እኔ ሲሊንደር፣ ያንን ቁልፍ የሚሰካበትን ናስ፣ እፈታለሁ። ፈትቼ እገጥማለሁ። ገጥሜ እፈታለሁ። ሚስቴ፣ “የሰው ባል በጫት ተለከፈ፣ የእኔው በቁልፍ” ትላለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ይህን ያነሳሁት እውቀቴን ላሳያችሁ አይደለም። ደህና፣ ትንሽ ላሳያችሁም ነው። ዋናው ነገሬ ግን የእህቴ ልጅ የሙና ሰርግ ነው።

መጀመሪያ አባቷን ላስተዋውቃችሁ። የእህቴ የዘሃራ ባል ሐጂ ነስሩ ይባላል። ልብስ ሰፊ ነው። እጁ ወርቅ፣ ልቡ ማር። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል፤ “እሺ” ማለት አይችልም። “እምቢ” ማለትም አይችልም። “ኢንሻአላህ” ይልና ይጠፋል። ደንበኛው ሱሪ ሊያሰፋ ይመጣና፣ “ሐጂ፣ ለዒድ ይደርስልኛል?” ይለዋል። “ኢንሻአላህ!” የትኛው ዒድ እንደሆነ መጠየቅ የደንበኛው ፋንታ ነው።

ሱሪስ ይሁን። ቢቸግር የአምናውን ይለብሷል። ልጅ ስትጠየቅስ?

ሙናን የጠየቃት ከድር የሚባል የአጋሮ ልጅ ነው። አስተማሪ ነው። የተዋወቁት ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ሲማሩ ነው። ይዋደዳሉ፤ አገር ያውቀዋል። ሐጂ ነስሩም ያውቃል፤ ልጁንም ይወደዋል። የአጋሮ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው ሲባል “ኢንሻአላህ” አለ። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ደርሰው ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል፤ ሐጂ ነስሩ የለም። የት ሄደ? ደዶ። ለምን? የአጎቱ ልጅ በሬ ታሞበት። በኋላ በሬውን አጣራን፤ በሬው በሕይወቱ ታሞ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ ቻሉ። ሌላ ቀን ቆረጡና ተመልሰው መጡ። አሁንም ሐጂ የለም። የዚያን ቀን ደግሞ የጥንት ወዳጁ ሞቶ ቀብር ሄዷል ተባለ። ሞት ነውና ማን ምን ይላል? ሁሉም አላህ ይማረው ብሎ ተነሣ። ከሳምንት በኋላ ሟቹን ሄርማታ ገበያ ሽንኩርት ሲመርጥ አገኘሁት። “እንዴት ነህ?” አልኩት። “አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ” አለኝ። ደህንነቱ ደስ ይበለኝ ወይስ ያናድደኝ? እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

የአጋሮዎቹ ዋና ሰው የከድር አጎት አባ ፎጊ ናቸው። ቡና አምራች ናቸው፤ ቁመታቸው የቤት ምሰሶ፣ ድምፃቸው የዳኛ። እሳቸው ከዚያ ወዲያ የላኩት ቃል አጭር ነበር። “ለሦስተኛ ጊዜ እንመጣለን። ኒካሑም ሰርጉም በአንድ ቀን ይሁን። በሩ ከተዘጋብን ግን አራተኛ የለም፤ ልጃችንን ሌላ ቦታ እንድራለን።”

ሙና ይህን ስትሰማ ምንም አላለችም። ዝምተኛ ልጅ ናት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? ዝንብ ቀርቶ እህልም አልገባበት አለ። እህቴ ትበላ ዘንድ ስትለምናት ትውላለች። ያኔ ነው ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑ ለሁላችንም የገባን።

ሰርጉ ደረሰ። ሐጂ ነስሩ ጠዋት ተነሥቶ ሙሉ ነጭ ለበሰ፤ ሽቶ ተቀባ። እህቴ ጠራችኝና በጆሮዬ፣ “ወንድሜ፣ ዛሬ ሥራህ አንድ ነው። ይህን ሰውዬ ከዓይንህ እንዳታጣው” አለችኝ። እሺ ብዬ ጥላው ሆንኩ። ሳሎን ሲቀመጥ እቀመጣለሁ። ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ በር ላይ እቆማለሁ። “ጀማል፣ ምን ነካህ?” ይለኛል። “ናፍቀኸኝ ነው” እለዋለሁ።

ቤቱ የቆየ የሄርማታ ቤት ነው። ከሳሎኑ ወደ ግቢው የሚያወጣ አንድ የብረት በር፣ በየመስኮቱ ወፍራም የብረት ፍርግርግ። ሐጂ ሌባ ይፈራል። ጓዳው፣ ማብሰያው፣ ድንኳኑ፣ እንግዳው ሁሉ ግቢ ነው። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና ሐጂ ሳሎን፤ ሙናና ሚዜዎቿ ደግሞ መኝታ ክፍል።

ከሰዓት በፊት የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። አጋሮዎች ደረሱ! ያን ጊዜ የሙና ዋና ሚዜ ፈቲያ ከመኝታ ቤት ተስፈንጥራ ወጣች። ፈቲያ ከሙና ጋር አንድ ክፍል የተማረች ልጅ ናት፤ አፏ ማይክራፎን አያሻውም። እንደ ደንቡ ሚዜዎች በር ይይዛሉ፤ ሙሽራው ሳይለማመጥ አይገባም። ፈቲያ የብረቱን በር ዘጋችና ቁልፉን ታዞር ጀመር። ከውጭ ደግሞ የከድር ሚዜዎች፣ ጎረምሶች ናቸው፣ ትከሻቸውን በሩ ላይ ጥለው ይገፋሉ። እሷ ታዞራለች፤ እነሱ ይገፋሉ። እሷ ትታገላለች፤ እነሱ ይጨፍራሉ።

“ቀጭ” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ፈቲያ ወደ እኔ ዞረች። እጇ ላይ የቁልፉ ጭንቅላት አለ። አንገቱም ደረቱም የለም።

“አቦ፣ ይሄ ነገር እንዲህ ነው እንዴ የሚሆነው?” አለችኝ።

“እንዲህ አይሆንም” አልኳት።

እስቲ አሁን ፍረዱ። በሩ ላይ ሆና፣ “ሙሽራው ሆይ! በሩ ከልቡ እምቢ ብሏል፤ ቁልፉ ተሰብሯል!” ብላ ጮኸች። ከውጭ ሳቅ ፈነዳ። “ማሻአላህ! የዘንድሮ ሚዜ ብልሃት አወቀች!” አሉ። ከድር ምስኪን ለመነ። “ዕቃ አጥባለሁ” አለ። ተጨበጨበ። በሩ አልተከፈተም። “ልብስም አጥባለሁ!” አለ። አልተከፈተም። “ጫት በሥራ ቀን አልቅምም!” አለ፤ ሚዜዎቹ ደነገጡ። “ሲሪየስ ነኝ፣ ወላሂ ተሰብሯል!” ትላለች ፈቲያ እንባዋ እየመጣ። በመጨረሻ ከድር ልቡ ቆርጦ፣ “የመጀመሪያ ልጃችን ሴት ከሆነች ፈቲያ እላታለሁ!” ብሎ ማለ። ከዚህ በላይ ሰው ምን ይስጥ? በሩ ግን አልተከፈተም።

ሌላኛው ቁልፍ እህቴ ዘሃራ ጋ ነበር። እሱን አምጥታ ከውጭ ሞከረች፤ አልገባ አለ። የሁለት ፊት ሲሊንደር ነው፤ ከውስጥ የተሰካ ነገር ካለ የውጪውን አያስገባም። እኔም የብርቱካን ቢላዋ ወስጄ ጫፉን ከተሰበረው ቁልፍ ጎን ሰካሁና ለማዞር ሞከርኩ። ቢላዋው ጎበጠ እንጂ የሚዞር ጠፋ። ለምን? ጎረምሶቹ በሩን ስለሚገፉት ነዋ። በሩ ሲገፋ የቁልፉ ምላስ ከመቃኑ ቀዳዳ ጋር ተጣብቆ ይነከሳል። “አትግፉ!” ብዬ ጮህኩ። “አትግፉ ይሉናል! ግፉ!” አሉ። ሰርገኛ ምን ጆሮ አለው?

እየቆየ ሲሄድ ግን ሳቁ ቀነሰ። ጭፈራው ቆመ። ከዚያ የከባድ ሰው እግር በመስኮቱ በኩል ሲመጣ ሰማሁ። አባ ፎጊ ናቸው። ፊታቸውን ፍርግርጉ ላይ አስጠግተው አዩኝ።

“ጀማል፣ አንተም ነጋዴ ነህ፣ እኔም ነጋዴ ነኝ። እውነቱን እንነጋገር። ልጅቷን እምቢ ካላችሁ እምቢ በሉን። ይህ ሁሉ ሰው ፊት በር መዝጋት ምንድን ነው?”

“ኧረ ወላሂ ቁልፉ ተሰብሮ ነው፣ አባ ፎጊ!”

“መጀመሪያ በሬ ታመመ አላችሁ። ቀጥሎ ሰው ሞተ አላችሁ። ዛሬ ቁልፍ ተሰበረ ነው?”

ሰውየው እውነት አላቸው። የተሰበረውን ጭንቅላት በፍርግርጉ አሳለፍኩላቸው። አገላብጠው አዩት። እንደ ቡና ፍሬ በጥርሳቸው ነከስ አደረጉት። “ቁልፍ መስበር ማን ያቅተዋል?” አሉና መለሱልኝ። “ሌላው ግማሽ የታለ?”

“በሩ ውስጥ።”

“እዚያ ምን ይሠራል?”

ይኸው! ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ኖሬ፣ የሚጠይቀኝ ሰው መጣ፤ ግን በምን ቀን መጣ! ሙሽራ ደጅ ቆሟል፣ አማች ተኮሳትሯል፣ እህቴ ድንኳኑ ሥር ታለቅሳለች። እንግዲህ ሳይደግስ አይጣላም። አፌን ከፈትኩ።

“በሩ ውስጥ ክብ ናስ አለ፣ አባ ፎጊ። በናሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ክብ ናስ አለ። ቁልፍ የሚገባው ውስጠኛው ውስጥ ነው፤ የሚዞረውም እሱ ነው።”

“እሺ።”

“ውስጠኛው ዝም ብሎ እንዳይዞር ፒን የሚባሉ ትናንሽ የናስ ዘንጎች ከውጪኛው ጋር ይዘውታል። ጥንድ ጥንድ ናቸው። አንደኛው ቁልፉን ይነካል። ሁለተኛው ከኋላው ሆኖ ይገፋዋል።”

“ሁለተኛውንስ ማን ይገፋዋል?”

“ከኋላው ሞላ አለ፣ የተጠቀለለ ሽቦ።”

“ሞላውንስ?”

“ሞላውን ማንም አይገፋውም። መግፋት ተፈጥሮው ነው።”

ወደ በሩ ዞረው የከድርን ሚዜዎች አዩ። “እንደነዚህ በለኛ” አሉ። “ቀጥል።”

“ቁልፍ ከሌለ፣ ሞላው የሚገፋቸው ፒኖች ድንበር ላይ ይቆማሉ። ግማሽ አካላቸው ውስጠኛው ናስ ውስጥ፣ ግማሹ ውጪኛው ውስጥ። አንድ እግር ቤት፣ አንድ እግር ደጅ። ስለዚህ አይዞርም።”

“ቆይ፣ ስለ ቁልፉ ነው ወይስ ስለ ነስሩ የምታወራው?”

ሐጂ ነስሩ ከጀርባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባስ” አልኩ፣ ነገር ለማለዘብ፣ “ጥርሱ እያንዳንዱን ፒን በልኩ ያንቀሳቅሰዋል። አንዱን ብዙ፣ አንዱን ትንሽ። ያን ጊዜ የጥንዶቹ መጋጠሚያ በሙሉ ልክ ድንበሩ ላይ ይሰለፋል። ድንበር የሚረግጥ አይኖርም። ውስጠኛው ነፃ ሆኖ ይዞራል። ሲዞር መሐል ላይ ያለችውን ጣት ይዞ ይዞራል፤ ጣቷ የበሩን ምላስ ትስበዋለች።”

“ምላስም አለው?”

“ኤዬ፣ አለው።”

“ታዲያ እኛን ከሚያለፋን ለምን አይናገርም!” አሉና ሊስቁ ነበር፤ ቁጣቸው ትዝ አላቸውና ተዉት። “የተሰበረው ግማሽስ አሁን ምን ላይ ነው?”

“እዚያው ነው። ጥርሱ ፒኖቹን በልካቸው እንደያዘ ነው። እሱ መሰበሩን አያውቅም፣ አባ ፎጊ።”

“ካላወቀማ ይክፈት!”

“የሚያዞረው ጭንቅላት የለውም። በዚያ ላይ በሩ እየተገፋ ምላሱ ነክሷል።”

“እንግዲያው ሲሊንደሩን ነቅለህ አውጣዋ! የሚይዘው ብሎን የለውም?”

“አለው።”

“ፍታዋ!”

“ብሎኑ ያለው በበሩ ጠርዝ ላይ ነው። በሩ ሲከፈት ነው የሚታየው።”

አንዴ በሩን፣ አንዴ እኔን አዩ።

“እኔ እንደገባኝ” አሉ ቀስ ብለው፣ “በሩ እንዲከፈት በመጀመሪያ በሩ መከፈት አለበት።”

“ዱጋ ነው። እውነትዎን ነው።”

“ማነው ይህን ያሰበው?”

“ሌባ እንዳይፈታው ብለው ነው።”

“ሌባውስ ዛሬ ያልተገኘው ምነው!” ብለው ራሳቸውን ያዙ። በር ሠሪ ፈልጉ፣ በያጅ ጥሩ ተባለ። በያጅ ተጠራ፤ መጣም። መብራት ግን ጠፍቷል። በያጁ መሣሪያውን ታቅፎ ድንኳኑ ሥር ተቀመጠና ሩዝ ቀረበለት።

አባ ፎጊ ግን ከዚያ በኋላ ተናደው አልሄዱም። አሁን የተቆጡት በቁልፉ ላይ ነው፤ በእኛ ላይ አይደለም። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሌላ ነገር ግን አሳሰባቸው። ስልክ አውጥተው አጋሮ ደወሉ። “ሰማዩ እንዴት ነው? ደመና አለ?” አሉ። ቡናቸው ግቢ ውስጥ በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ያለ ጊዜው ዝናብ ቢመጣ የሚሸፍነው ሰው የለም፤ ሰዉ ሁሉ ሰርግ መጥቷል። ደመና አለ ተባሉ። ፊታቸው ጠቆረ። “ከእንግዲህ ብዙ አንቆይም” አሉ። በመኝታ ቤቱ በር በኩል የሙናን ፊት አየሁት። የሂና ጌጥ ያለበት እጇ አፏ ላይ ነበር።

ኒካሕ የሚያስሩት ሼኽ እስካሁን ድንኳኑ ሥር ሆነው ሁሉንም ይሰሙ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀልድ ያውቃሉ። ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ መጡ።

“እኔ የተማርኩት ኒካሕ አባት ይፈልጋል። አባት አለ?”

“አለ” አልን።

“ሙሽራ አለ?”

“አለ” አለ ከድር።

“የልጅቷ ፈቃድ አለ?”

“አለ!” ብላ ፈቲያ ከውስጥ ጮኸች። ሼኹ ጠበቁ። ከዚያ የሙና ቀጭን ድምፅ፣ “አለ” አለ።

“ምስክርማ ጅማና አጋሮ ሙሉ ቆሟል። እንግዲህ እኔ ካነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ለኒካሕ በር ያስፈልጋል የሚል አላየሁም። ሐጂ ነስሩ፣ ና እጅህን በፍርግርጉ አውጣ።”

ሰው ሁሉ በሩን ትቶ ወደ መስኮቱ ጎረፈ። ሐጂ ነስሩ ግን ነጭ ልብሱን መሰለ። “ውዱኤን ላድስ” አለ። “አሁን አድርገሃል፤ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ” አልኩት። “መነጽሬን ላምጣ።” “ዓይንህ ላይ ነው።” ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ፍርግርግ። በሩን አየ። ዝግ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደዶ የለም፣ ቀብር የለም፣ በሬ የለም። አሳዘነኝ። በዝግታ ሄደና እጁን በብረቱ መሐል አወጣ። ከድር ያዘው፤ አጥብቆ ያዘው።

የሰርጉ ፎቶ አንሺ ተጣድፎ አነሣቸው። ያንን ፎቶ ዛሬ ያየ እንግዳ፣ “አይዞዎት፣ መቼ ተፈቱ?” ብሎ ሐጂን ይጠይቀዋል።

ሼኹ ቃሉን ጀመሩ። “በል፣ ‘ልጄን ሙናን ድሬልሃለሁ’ በል።”

“ኢንሻአላህ” አለ ሐጂ።

“እዚህ ላይ ኢንሻአላህ የለም፣ ሐጂ። ድሬልሃለሁ ነው።”

ሐጂ ነስሩ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ ለእጁ የሚናገር ይመስል፣ “ዓይኔ ደክሟል። መርፌዬን ክር የምታስገባልኝ እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት የቀኑን መርፌ ሁሉ ክር አስገብታ ትሰካልኛለች። እሷ ስትሄድ ማን ያስገባልኛል?” አለ።

ይህን ያህል ጊዜ በሬ ያሳመመብን፣ ሰው የገደለብን የመርፌ ቀዳዳ ነው ለካ! መስኮቱ ሥር የነበረችው እህቴ ዘሃራ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ስንት ዓመት አብራው ኖራ አልነገራትም።

ከድር እጁን አልለቀቀም። “አባባ፣ አጋሮ ቅርብ ነው። እሷ ባይመቻት እኔ በየሳምንቱ እመጣለሁ። ክር ማስገባት እችላለሁ” አለ።

“ለክር ከአጋሮ?” አሉ አባ ፎጊ ከኋላ፤ ሼኹ በምርኩዛቸው ነካ አደረጓቸው።

ሐጂ ነስሩ ቀና ብሎ ልጁን አየው። “ቀጭኑንም ክር?” አለው።

“ቀጭኑንም።”

“ድሬልሃለሁ” አለ። እንደገና በጉልህ፣ “ልጄን ሙናን ድሬልሃለሁ!” አለ።

እልልታው ቆርቆሮውን አነሣው። አባ ፎጊ በፍርግርጉ እጃቸውን ሰደው የሐጂን ጢም ሊስሙ ሞከሩ፤ ጢሙ ስለማይደርስ ጆሮውን ሳሙት። ከውጭ ሰው ሁሉ እየተጋፋ ጣቱን ያስገባል፤ ሐጂም የሁሉንም ጣት ይጨብጣል። አንዲት ሴት ሩዝ በማንኪያ በብረቱ መሐል አሳልፋ አጎረሰችው። እኔም ጎረስኩ። እስረኛ ምን ምርጫ አለው?

ኋላ ላይ ከበስተጀርባችን ነፋስ ገባ። ዞር ስል በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ሙና በበሩ መድረክ ላይ ቆማለች። ሙሉ የሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች፤ በእጇ ከሚዜዎቿ የመዋቢያ ቦርሳ የወጣ የጥፍር ሞረድ ይዛለች። ሞረዱን ከተሰበረው ቁልፍ ጎን ሰክታ አዙራዋለች፤ በሩን የሚገፋ ሰው ስላልነበረ ምላሱ በራሱ ፈቃድ ገብቶላታል። በሩ ፊት ግን አንድም ሰው የለም። ሕዝቡ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቷት መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ በፍርግርግ ይሳሳማል።

ትንሽ ጠበቀች። ማንም አልዞረም።

“ይቅርታ” አለች በዚያ ቀጭን ድምፅዋ። “በሩ ክፍት ነው።”

ማንም አልሰማም። በያጁ ብቻ ሩዙን እንደያዘ አያትና ዙሪያውን ቃኘ፤ ያየው ነገር እውነት ስላልመሰለው ወደ ሩዙ ተመለሰ። ፈቲያ ደርሳ ስትጮህ ነው አገር የዞረው።

የቀረውን ልታስቡት ትችላላችሁ። አባ ፎጊ ቡናቸው ላይ ዝናብ እንዳይጥል እያሉ ቸኩለው ጉርሻውን በቆሙበት ጨረሱ። ከመሄዳቸው በፊት ግን በሩን አንድ ጊዜ ቀርበው አዩት፤ በጠርዙ ላይ ያለውን ብሎን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና፣ “አንተ ነህ ለካ!” አሉት። አጋሮ ሲደርሱ ዝናቡ ካፊያ ብቻ ነበር አሉ።

ሙና መኪና ልትገባ ስትል ጠጋ አልኳት። “ኤሱማ” ነው የምትለኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

“አንቺ፣ ሞረዱን እንዴት አሰብሽው?” አልኳት።

“አንተ ነህ የነገርከን፣ ኤሱማ። ቁልፉ መሰበሩን አያውቅም አልክ። የሚገፉት ሲተዉት እንደሚዞር ገባኝ።”

“ሰዉ እኮ በሩን የተወው ሼኹ ወደ መስኮቱ ሲመጡ ነው። ኒካሑ ሳይጀመር ነበር። ያን ጊዜ ለምን አልከፈትሽውም?”

ሙና መኪናው አጠገብ ቆሞ ከከድር ጋር ስለ ክር ቁጥር የሚያወራውን አባቷን አየችው። ፈገግ አለች።

“ያን ጊዜ ከፍቼው ቢሆን፣ አባባ አሁን ደዶ ደርሷል” አለችኝ።

እኔ እንግዲህ ዕድሜ ልኬን ለደንበኛ፣ “ይህ ቁልፍ ጠንካራ ነው፤ ሌባ አይከፍተውም፣ ጥርሱ አይበላም፣ አይሰበርም” እያልኩ ስምል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰርጉ ባለቀ ሰሞን አንዲት የማውቃቸው እናት ሱቄ መጡ። ልጃቸው ታጭታለች። ባላቸውን ደግሞ አገር ያውቃቸዋል፤ የሐጂ ነስሩ ዓይነት ናቸው።

“ጀማል፣ ለነስሩ ቤት የሸጥከውን ዓይነት ቁልፍ ስጠኝ” አሉኝ።

“አዴ፣ ያኛው እኮ ተሰበረ! ይኸው ከሱ የሚሻል፣ ጠንካራ አለኝ” ብዬ ከመደርደሪያ አወረድኩላቸው።

እጃቸውን አወናጨፉ።

“ጠንካራውን ሌባ ለሚፈራ ሽጥለት” አሉ። “እኔ የምፈራው የሚገባውን አይደለም፤ የሚወጣውን ነው።”